የምድር ቤቱ አትላንቲክ

ዛሬ ጠዋት ልጄ ሕሊና ይዛኝ ሪከንባከር ሄደች። የምትሠራው እዚያ፣ ከጭነት አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ቢሮ ውስጥ ነው። የልብ ቀዶ ጥገና ካደረግኩ አራተኛ ሳምንቴን ስለያዝኩ መኪና መንዳት ተከልክያለሁ። ቤት ብቻዬን መቀመጥም የተከለከልኩ ይመስላል፤ አንዱ ሲወጣ አንዱ ይገባል። ወጥ ቤት ሆነው ሲያወሩ ይቆዩና እኔ ብቅ ስል ስለ አየሩ ማውራት ይጀምራሉ። ሐኪሙ ድንጋጤ አይስማማውም ብሏቸዋል መሰለኝ፣ በር እንኳ የሚዘጉት በሁለት እጃቸው ነው። ስለዚህ ሕሊና አብሬያት እንድሄድ ስትጠይቀኝ እንደ ዕቃ ተጭኜም ቢሆን መውጣቴን ወደድኩት። እሷ ወረቀት ልታስፈርም ገብታ እኔ መኪናው ውስጥ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ስጠብቅ አንድ ትልቅ የጭነት አውሮፕላን ሞተሩን አስነሳ፤ ሽታውም መጣ። የአውሮፕላን ነዳጅ ማለት በደንብ የተጣራ ላምባ ነው። አፍንጫዬን ሲነካኝ ግን የታየኝ አውሮፕላን አልነበረም። የታየኝ ከአርባ ዓመት በፊት የማውቀው የሚስተር ሃሮልድ ምድር ቤት ነው፤ ጥግ ላይ የሚነደው የላምባ ማሞቂያ፣ ያልደረቀ ቀለም፣ እርጥብ ግድግዳ።

ዘመኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ሰማንያዎቹ ነበር። ዓመቱን ለይታችሁ ብትጠይቁኝ ግን አልነግራችሁም፤ አላስታውሰውም። እዚህም ሆነ አገር ቤት ማን ይገዛ እንደነበረ ለማስታወስ ቆም ብዬ ማሰብ አለብኝ፤ ዳውንታውን፣ መሃል ኮሎምበስ፣ የምሠራበት የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ለመጀመሪያው ሰዓት ስልሳ ሳንቲም ያስከፍል እንደነበረ ግን ሳላስብ እመልሳለሁ። ሰማያዊ የናይለን ጃኬት ይሰጡናል፤ ሱሪው ከራሳችን ነው። የእኔ ሱሪ ቡናማ፣ ከታች ሰፋ ያለ፣ ስራመድ የሚንሿሿ ነበር። ያ ፋሽን እዚህ ካለፈበት ዓመታት ሆኖት ስለነበር ነው ከአንድ ቤተ ክርስቲያን የልብስ ክምር ውስጥ በነፃ ያገኘሁት። የካፖርቴ አንገት ላይ ከውስጥ በኩል የሌላ ሰው ስም ተሰፍቶበት ነበር፤ አልቆ እስክጥለው ድረስ ባለቤቱን አላወቅሁትም። ከሥራ ስወጣ ሃይ ስትሪትና ብሮድ ስትሪት የሚገናኙበት ጥግ ላይ ቆሜ ወደምኖርበት ሰፈር፣ ወደ ዋይትሆል፣ የሚሄደውን አውቶቡስ እጠብቃለሁ። እዚያ ጥግ ላይ ክረምት ከበጋ ንፋስ አይጠፋም ነበር። አሁን ሳልፍበት ንፋሱ የቀነሰ ይመስለኛል፤ ምናልባት መኪና ውስጥ ስለሆንኩ ይሆናል።

ዋይትሆል የምኖረው ከሰይፉ ጋር ነበር። ሰይፉን የተዋወቅሁት ሱዳን፣ ስደተኞች ሰፈር ውስጥ ነው፤ ወደዚህም የመጣነው በአንድ አውሮፕላን ነው። እኔ ከምጽዋ የባሕር ኃይል የሬዲዮ ሠራተኛ ነበርኩ፤ እሱ ከአዲስ አበባ ሆስፒታል ድሬሰር። አፓርትመንታችን አንድ መኝታ ቤት ብቻ ነበረው። ሰይፉ የነርስነት ፈተና ስለሚያጠና መኝታ ቤቱ የእሱ፣ ሶፋው የእኔ ሆነ። ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ ያጥባል፣ ጠዋት ጠዋት የአጥንት ስም ይሸመድዳል። አንድ የካሴት ማጫወቻ ነበረን፤ ካሴቶቹ ከካሴት ላይ ስንት ጊዜ እንደተቀዱ እንጃ፣ ዘፋኙ ሁሉ ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስል ነበር። ሰይፉ ግን አብሮ ይዘፍናል፤ ድምፁ አያምርም፣ ማፈርም አያውቅም። ቀልድ ካልጨመረበት ጨው እንኳ አቀብለኝ ማለት የማይችል ሰው ነበር።

የሬዲዮ ሰው ጣቱ አያርፍም። ማቆሚያው በር ላይ ባለው የመስታወት ቤቴ ውስጥ መኪና ሳይመጣ ሲቀር፣ የገቡትን መኪኖች የሰሌዳ ቁጥር በእስክሪብቶ መስታወቱ ላይ በሞርስ እመታ ነበር፤ በአጭርና በረጅም ምት ፊደል በሚላክበት በድሮው የቴሌግራፍ መንገድ። አንድ ሐሙስ ታዲያ ጎኑ እንጨት በሚመስል ነገር የተለበጠ ረጅም መኪና የሚነዳ ሽማግሌ ቲኬቱን ከተቀበለኝ በኋላ አልሄድ አለ። ዝም ብሎ ጣቴን ያያል። ከዚያ የጋብቻ ቀለበቱን የመኪናው በር ላይ አስጠግቶ መታ መታ አደረገ። እጅህ ዝጓል ነው ያለኝ። እኔም ባሕሩ ሩቅ ነው ብዬ መታሁለት። ከኋላው የተሰለፉት ሁለት መኪኖች ጥሩምባ ሲነፉ ነው ሁለታችንም የነቃነው። ሚስተር ሃሮልድን የተዋወቅሁት እንዲህ ነው፤ ታምራት የሚለው ስሜ ከብዶት ቶም አለኝ፣ እኔም ዝም አልኩት።

ሚስተር ሃሮልድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የንግድ መርከብ ላይ የሬዲዮ ሠራተኛ ሆኖ አትላንቲክን ሲመላለስ የነበረ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላ አንድ ሥራ ብቻ ነበረው። በወር አንድ ጊዜ ሐሙስ ለት ዳውንታውን አንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ለእሱ ብጤ ሽማግሌዎች ስለ ጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ንግግር ያደርጋል። ሰርጓጆቹ ያን ሁሉ መርከብ አስጥመው ለምን ተሸነፉ፣ ከዚያስ ምን ተማርን የሚል ነው ርእሱ፤ ሽማግሌዎቹ ግማሾቹ ይተኛሉ። ንግግሩን የሚለማመደው ምድር ቤቱ ውስጥ ነው። የጠረጴዛ ቴኒስ መጫወቻ ሰማያዊ ቀለም ቀብቶ አትላንቲክ አድርጎታል፤ መርከቦቹን ከመጥረጊያ እንጨት ራሱ ነው የጠረባቸው። ጀርመኖቹን የሚያንቀሳቅስለት ሰው አልነበረውም። ሚስቱ ሞታለች፣ ጎረቤቶቹ ሰልችቷቸዋል፤ እኔ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሥራ የለኝም። ጀርመን ሆንኩ። አንድ ኢትዮጵያዊ ኦሃዮ ውስጥ፣ ባሕር በሌለበት አገር፣ ምድር ቤት ገብቶ የጀርመንን ሰርጓጆች ያዛል ብላችሁ ብታስቡት ያስቃል፤ ሰይፉም ‘አድሚራል’ እያለ ሲስቅብኝ ከረመ።

የሚስተር ሃሮልድ ትምህርት ግን ቀልድ አልነበረም። ሰው ትምህርት የሚረሳው በሃያ ዓመት ነው ይል ነበር። በመጀመሪያው ጦርነት መርከቦች ለየብቻቸው ሲሄዱ ሰርጓጆቹ እየለቀሙ ጨረሷቸው። ኋላ በኮንቮይ፣ በአንድነት ታጅበው ሲሄዱ ዳኑ። ሃያ ዓመት አልፎ ጀርመኖቹ እስከ አሜሪካ ዳርቻ ሲመጡ ያ ሁሉ ተረስቷል። መርከቡ ብቻውን ይሄዳል፣ ከተሞቹ መብራታቸውን አላጠፉም፤ ጀርመኑ ከባሕር በኩል ተቀምጦ መብራቱ ላይ ጥቁር ሆኖ የሚታየውን መርከብ ይመታል። ወደ ጀርመኖቹ ጥፋት ሲመጣ ደግሞ ድምፁ ይቀንሳል። የገደላቸው አፋቸው ነው ይላል። በባሕሩ ዳርቻ የተቀመጠው አዛዥ ሁሉን ነገር ማወቅ ስለሚፈልግ ሰርጓጁ መርከብ ባየ ቁጥር በሬዲዮ ይናገራል፣ ነዳጁን ይናገራል፣ አየሩን ይናገራል። በሁለት ቦታ የተቀመጡ አድማጮች ድምፁ የመጣበትን አቅጣጫ ያሰምራሉ፤ መስመሮቹ የተላለፉበት ቦታ ላይ ሰርጓጁ አለ። የምስጢር ቋንቋቸውም ተፈትቶ ይነበብ ነበር፤ ይህ ምስጢር የወጣው ገና በቅርቡ ስለነበረ ሚስተር ሃሮልድ ስለዚህ ሲያወራ ሰው የሚያማ ይመስል ግራ ቀኝ ያያል። ጀርመኖቹ በተጠራጠሩ ቁጥር ሰላይ ይፈልጋሉ እንጂ ራሳቸውን አይጠረጥሩም ነበር።

ከሁሉ በላይ ልቤ ውስጥ የቀረው ግን ሌላ ነው። አንድ ሰርጓጅ ሲሰጥም ለአዛዡ የሚነግረው የለም። አዛዡ ያለህበትን አሳውቅ ብሎ ይጠራዋል። መልስ የለም። በማግስቱ ይጠራዋል፣ በሦስተኛውም ቀን ይጠራዋል። ከዚያ በኋላ ከቁጥሩ አጠገብ አንድ ኮከብ ያደርግበታል፤ ነገሩ ሲረጋገጥ ሁለተኛ ኮከብ። ሚስተር ሃሮልድ ይህን ሲነግረኝ እኔ እጄ ውስጥ የነበረውን ሰርጓጅ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ምጽዋም የጠራነው መርከብ አልመልስ ሲል እንዲህ ነበር። ለሬዲዮ ሰው ዝምታም ወሬ ነው።

በዚያው ክረምት ነው ደብዳቤው የመጣው። ከሰይፉ እህት ነው፣ የተጻፈው ግን ለእኔ ነው። አገር ቤት ያለ ሰው መርዶ በባለቤቱ ስም አይጽፍም፤ ሰው አስተባብሮ የሚያረዳለትን ይፈልጋል። እናታቸው ካረፈች ሁለት ወር አልፏታል፤ እንደምታደርገው አድርገህ አርዳልን፣ ብቻውን እንዳይሰማ አደራ ይላል። ደብዳቤውን ይዤ ወደ ጋሼ መኮንን ሄድኩ። ጋሼ መኮንን አዲስ አበባ ፍርድ ቤት በጸሐፊነት አርጅተው እዚህ ልጃቸው ጋ የመጡ ሰው ናቸው፤ በከተማው ካለነው ጥቂት አበሾች በዕድሜ የሚበልጣቸው ስላልነበረ ሽምግልናውም፣ መርዶውም፣ ምርቃቱም የእሳቸው ነበር። መነጽራቸውን አድርገው ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡና ልጁ ፈተና አለበት አሉ። ፈተናው ሰባት ሳምንት ይቀረዋል። ያንን ከወደቀ ዕድሜውን ሁሉ አንሶላ ሲያጥብ ይኖራል፤ እናቱም ብትሆን ይህን አትወድም፤ እንደጨረሰ ቅዳሜ ማለዳ እናረዳዋለን ብለው ፈረዱ። ትክክል መሰለኝ። ደብዳቤውን መስታወት ቤቴ ውስጥ ከቲኬቱ ጥቅል ኋላ አስቀመጥኩት፤ ሰይፉ የማይደርስበት ቦታ እሱ ብቻ ነበር።

ሰባት ሳምንት ማለት በቃል ቀላል ነው። ሰይፉ እናቱን የሚያነሳት ሳያስበው ነው፤ ሽንኩርት ሲከትፍ እሷ እንዲህ አትከትፍም ይላል፣ በረዶ ሲያይ ይቺን ብታይ ጨው ይመስላታል ይላል። እኔ እስቃለሁ። የጻፈላትንም ደብዳቤ ያነብልኛል፣ ያላልኩትን ሁሉ ታምራት ሰላም ብሎሻል እያለ ይጨምርበታል። አንድ ቀን ደመወዝ ተቀብለን ዳውንታውን ካለው ትልቅ መደብር ወሰደኝ፤ ያ መደብር ስድስት ፎቅ ነበረው፣ እኛ የምናውቀው ግን ቅናሽ ዕቃ የሚሸጥበትን ምድር ቤቱን ብቻ ነው። ደማቅ አረንጓዴ የሱፍ ሹራብ መረጠ፤ አሥራ አንድ ዶላር። እናቱ ትከሻዋም ቁመቷም አንተን ነው አለኝና አልብሶ መስታወት ፊት አቆመኝ። የሴት ሹራብ ቁልፉ በግራ በኩል መሆኑን ያወቅሁት ያን ለት ነው። ከኋላዬ ቆሞ የሹራቡን ትከሻ በእጁ አስተካከለ።

«ትንሽ ሰፋ ይበላት» አለ። «ወደፊት ትወፍር ይሆናል።»

መስታወቱ ውስጥ የእሱን ፊት አላየሁም፤ ቁልፎቹን ነው ያየሁት፣ ስድስት ነበሩ። ፖስታ ቤት ድረስ የተሸከምኩትም እኔ ነኝ።

በዚያ ሳምንት እሁድ ጀርመን ሆኜ ስጫወት አእምሮዬ ጠረጴዛው ላይ አልነበረም። ሚስተር ሃሮልድ አንዱን መርከብ ከሰልፉ አወጣና አጋደመው። የኤዲ መርከብ ናት አለኝ። ኤዲ የልጅነት ጓደኛው፣ ቤቱ ከእነሱ ቤት ፊት ለፊት የነበረ ልጅ ነው፤ በአንድ የኮንቮይ ጉዞ ላይ ኤዲ በጎን ሰልፍ ባለች መርከብ ላይ ነበር። ስትመታ ሚስተር ሃሮልድ በዓይኑ አይቷል። ኮንቮይ ደግሞ አይቆምም፤ ለአንዱ ብሎ የቆመ ቀጥሎ የሚመታው እሱ ስለሆነ። አልቆሙም። ከወር በኋላ ፈቃድ ተሰጥቶት እዚህ ኮሎምበስ ሲመጣ የኤዲ እናት እራት ጠራችው። የሰጠመ መርከብ ስም መጥራት ክልክል ነው፤ ጀርመን ጆሮ አለው ተብሏል። ዶሮ ሠርታለች፣ ራሷ በማሰሮ ያቆየችውን ኮክ አቅርባለች። ኤዲን አይተኸዋል ወይ አለችው። አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው፣ ባሕር ላይ ደብዳቤ ይዘገያል አላት። ኮኩንም ደገመ። ቴሌግራሙ የደረሳት እሱ ወደ መርከቡ ከተመለሰ በኋላ ነው፤ ቀኑን ቆጥራ እያወቀ እንደዋሻት መረዳት አያቅታትም።

ከጦርነቱ ሲመለስ የወላጆቹ ቤት ውስጥ ኖረ፤ እሷም ፊት ለፊቱ ኖረች። ሃያ ዓመት ሙሉ ደጇ ላይ ያለውን በረዶ ጠርጎላታል። መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ታየዋለች። አልወቀሰችውም፣ ሰላምታም አልነሳችውም። ሚስተር ሃሮልድ ይህን ሁሉ ሲነግረኝ ድምፁ ስለ ነዳጅና ስለ አየር ሁኔታ ከሚያወራበት ድምፅ የተለየ አልነበረም። መርከቧን አንስቶ በጥፍሩ ቀለሟን ፋቅ ፋቅ አደረጋት፣ መልሶ ሰልፏ ላይ አቆማት፣ ተራህ ነው አለኝ። እኔ ግን የትኛውን ሰርጓጅ ላንቀሳቅስ እንደነበር ጠፋኝ።

በማግስቱ ጋሼ መኮንን ቤት ሄድኩ። አሁኑኑ እንንገረው አልኳቸው። ሹራቡን ነገርኳቸው። ጋሼ መኮንን አልተቆጡም፤ ነገር አላምጦ መናገር ልማዳቸው ነው።

«ሹራቡን የለበስከው አንተ ነህ፣ ያመመህም አንተን ነው» አሉኝ። «አሁን የምትነግረው ለእሱ ብለህ ነው ወይስ አንተ እንዲቀልህ?»

ዛሬም ቢሆን መልስ አላገኘሁለትም። ዝም ብዬ የቀሩትን ሳምንታት ጨረስኩ፤ ሰይፉ የአጥንት ስም ሲሸመድድ መጽሐፉን ይዤ ጠያቂ ሆንኩለት።

ፈተናው ዓርብ ነበር። ሰይፉ ሲመለስ ደክሞት ጫማውን ሳያወልቅ ተኛ። ቅዳሜ ማለዳ ጋሼ መኮንን አሥር የሚሆኑ ሰዎች አስከትለው እንዲመጡ፣ እኔ ደግሞ እንዳያንኳኩ በሩን ከፍቼ እንድጠብቃቸው ተነጋግረናል። ሰማዩ ሳይነጣ ተነስቼ ለበስኩ፤ ያችን ቡናማ ሱሪና አንድ ያለችኝን ጥቁር ኮት። ሶፋውን ወደ ግድግዳው ገፋሁት፣ ወንበር ስላልነበረን የመጻሕፍቱን ካርቶን ደረደርኩ። በሩን ከፍቼ ቆምኩ። ሰዎቹ ደረጃውን ሲወጡ ይሰማኛል፤ ያን ጊዜ ሰይፉ ውሃ ሊጠጣ ወጣ። ገና ሰዎቹን አላየም። ያየው እኔን ነው፤ ቅዳሜ ማለዳ ጥቁር ኮት ለብሼ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ። ብርጭቆውን መሬት ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠው። ምንም ሳይነገረው ተቀመጠ። ጋሼ መኮንን ሊናገሩ የተዘጋጁትን ሁሉ መናገር አላስፈለጋቸውም። ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጥን፤ ፎቅ የሚኖሩት አሜሪካውያን በር ላይ ኬክ አስቀምጠው ሄዱ።

ሰዉ ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ በአራተኛው ቀን፣ ሰይፉ ጠየቀኝ።

«ሹራቡን ስትለካልኝ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ለሁለት ሳምንት ያህል ከእኔ ጋር የተነጋገረው ስለ ስልክና ስለ ቆሻሻ ማውጣት ብቻ ነው፤ ካሴቱንም አልከፈተም። ከዚህ ሁሉ ስደት የተረፈልኝ አንድ ሰው እሱ ነበር፣ እሱንም እያጣሁት መሆኑ ይታየኝ ጀመር። ለሚስተር ሃሮልድ ሁሉንም ነገርኩት፤ ደብዳቤውን፣ ሹራቡን፣ ጥያቄውን፣ መልሴን። ብሩሹን ላምባ ውስጥ እያጠበ ሰማኝ።

«ዕድለኛ ነህ ቶም» አለኝ። «አንተን ጠይቆሃል። እኔን አልጠየቀችኝም።»

የዚያን ለት ከሰዓት በኋላ ሌላ ጨዋታ አልተጫወትንም።

ሰይፉ የነርስነቱን ፈተና አለፈ፤ ጋሼ መኮንን ይህን እስኪሞቱ ድረስ ለማስረጃነት ይጠቅሱት ነበር። የእናቱ አርባ በተዘከረ ለት፣ እኛ የቆጠርነው ካወቀበት ቀን ጀምሮ ነው፣ ዕቃ ሳጥብ አጠገቤ መጥቶ ማድረቅ ጀመረ። በእኔና በአንተ መሃል ከእንግዲህ ማንም ማንንም አያረዳም አለኝ። በየእሁዱ እንነጋገራለን፤ አንዳችን እሁድ ድምፁን ካላሰማ ሌላኛው ይወቀው። ከዚያ ቀልዱ ስለማይቀር፣ አድሚራሉ እንደሆንክ ዝምታ ይገባሃል ብሎ በፎጣው መታኝ። የዚያኑ ለት ካሴቱን ከፈተው። ሹራቡም ደርሷል፤ እህቱ ለብሳው ፎቶ ላከችለት፣ በጣም ሰፍቷታል።

ኋላ ሰይፉ ሥራ አግኝቶ ዳላስ ገባ፣ እኔ አገባሁ፣ ዋይትሆል ቤት ገዛሁ፣ ሕሊና ተወለደች። የሚስተር ሃሮልድ ልጆች ቤቱን ሸጠው ጠረጴዛው የት እንደገባ አላውቅም፤ ለእኔ አንድ ሰርጓጅ ደርሶኛል፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አለ። እሁድ ግን አልቀረም። ሰይፉ ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣ ይደውላል። ሠርግ ቤት ሆኖ ደውሏል፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ ደውሏል፣ ተኳርፈን በከረምንበት ጊዜ እንኳ አለሁ ብቻ ብሎ ዘግቶብኛል። ለቀዶ ጥገናው ስገባ ዋዜማው እሁድ ስለነበረ ደወለ፤ ነገ ከፍተው ልብ ካላገኙ እኔን ይጠይቁኝ፣ የት እንደጣልከው አውቃለሁ አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት እሁድ አለፈ። በመጀመሪያው እኔም ራሴን አላውቅም ነበር። በሁለተኛው ሕሊናን ጠየቅኳት፤ በእንግሊዝኛዋ ጋሼ ሰይፉ ጉዞ ላይ ነው አለችኝ። በሦስተኛው እኔው ደወልኩ፤ ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሳም። የዚያን ለት ስልኩን አስቀምጬ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ያለውን የእንጨት ሰርጓጅ ሳየው ቆየሁ።

ሕሊና ወረቀቷን አስፈርማ ስትመለስ እኔ ያንን ሽታ እየሳብኩ ነው። ዳድ፣ ኢትስ ኮልድ ብላ እንዳይበርደኝ መስኮቱን ዘጋችው። ይህች ልጅ በአማርኛ ሳናግራት በእንግሊዝኛ ስትመልስልኝ ነው ያደገችው፤ ሁለታችንም ለምደነዋል። ፊቷን አየሁት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሾርባዬን ያቀረበችልኝ በዚህ ፊት ነው። ምን እንደተሸከመች፣ የትኛው ጎኗን እንደሚከብዳት እኔ አውቀዋለሁ። ልተዋትና እንደ ወጉ ይሁን አልኩ፤ ከዚያ መጋረጃዋን ገልጣ የምታየው የኤዲ እናት ትዝ አለችኝ።

«ሕሊና፣ ሰይፉ መቼ ነው ያረፈው?»

ቁልፉን አዙራ ሞተሩን ሳታስነሳ እጇ እዚያው ቀረ። የጭነቱ አውሮፕላን ተነስቶ ሄደ።

«ሦስት ሳምንት ሊሆነው ነው፣ አባዬ» አለችኝ፤ በአማርኛ። «ነገ ጠዋት ሊያረዱህ ሊመጡ ነበር። ዶክተሩ ነው ቆዩ ያለን።»

አለቀሰች፤ እኔ ነኝ እሷን ያባበልኳት። ምንም አላጠፋሽም፣ እኔም አድርጌዋለሁ አልኳት። ሰይፉን እወደው ነበር፤ ይህንንም ለእሷ ነገርኳት፣ ለእሱ ነግሬው እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። መጠየቄን ለማንም እንዳትነግር፣ ሰዎቹም እንዲመጡ አስማልኳት። ያን ሁሉ ሰው ማልዶ ከየቤቱ ማስነሳት ቀላል ነገር አይደለም፤ የመጡበትን ያድርሱ።

አሁን አመሻሹ ላይ ነው። ሕሊና ሶፋው ላይ ነው የምታድረው። ወንበሮቹን ከምግብ ጠረጴዛው አምጥቼ ግድግዳውን ተከትዬ ደርድሬያለሁ፤ አሥራ ሁለት ናቸው፣ ከዚያን ጊዜው ካርቶን ይሻላሉ። ጥቁር ኮቴን አውጥቼ በሩ ጎን ሰቅዬዋለሁ። በሩን አልቆለፍኩትም።